የተገዘተው ጎተራ

አሰፋሽ ጋፋትን ስታልፍ ሰማዩ ገና አልገለጠም። ኮንጎ ጫማዋን ጭቃው እንዳይውጥባት አውልቃ በአንድ እጇ ይዛለች፤ በሌላው እጇ የሟች ባሏን የፋንታውን ከዘራ ትመረኮዛለች። ትንሸራተታለች፣ «በስመ አብ!» ትላለች፣ ደግሞ ትነሳና ትሄዳለች። እንዲህ ባለ መንገድ በነሐሴ የሚወጣ ሰው ወይ ሐኪም ፈላጊ ነው ወይ ዳኛ ፈላጊ። አሰፋሽ ግን የምትፈልገው አንድ መነኩሴ ነበር። ያሠሩትን እንዲፈቱላት፣ ከአፋቸው አንዲት ቃል ብቻ ልትቀበል ነው የምትሄደው።

አንገቷ ላይ፣ ከማተቧ ጋር፣ የጎተራ ቁልፍ ታስሯል። በተራመደች ቁጥር ደረቷን ይመታታል።

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርደው የጠዋቱ ቅጥቅጥ አውቶቡስ እንዳያመልጣት ትቻኮላለች። ልጇ ታሪኩ «እስከ ኪዳነ ምሕረት እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አትያዥኝ» ብሏታል። ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ቀን ጾሙ ሲፈታ፣ ሰሊጥ አራሚ ጭኖ ወደ ሁመራ የሚወርድ መኪና ከደብረ ታቦር ይነሳል። ሁመራ ደግሞ ለደገኛ ልጅ ወባ ማለት ነው። ከቀበሮ ሜዳ ወደዚያ ወርደው አጥንታቸው እንኳ ያልተመለሰ ጎረምሶች እናቶቻቸው ዛሬም በር በሩን ያያሉ። አሰፋሽ ከነዚያ እናቶች አንዷ እንዳትሆን ነው እንግዲህ ጭቃውን የምታቦካው።

ነገሩ ከሥሩ ሲነገር እንዲህ ነው።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ የአሰፋሽ አገር ቀበሮ ሜዳ ሰው አልቆበት ተፈትቶ ነበር። ከሞት የተረፉት ገበሬዎች ሲመለሱ ዝናቡ መጣ፣ መሬቱ ራሰ፣ የሚዘራ ግን ጠፋ። በሬ ተውሶ የሚያርስ አለ፤ ዘር ማን ያውሰዋል? ያን ጊዜ ተማከሩና በሚካኤል ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ጎተራ ሠሩ። በየዓመቱ ጥር ላይ እያንዳንዱ አባወራ ከአውድማው ሽምብራውን፣ ምስሩን፣ ገብሱን በቁና እየሰፈረ ያስገባል፤ አሮጌው በአዲስ ይለወጣል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ዘር ይሆናል ተባለ። ቁልፉን ለፋንታው ሰጡት። ፋንታው እጁም ምላሱም የማይረዝም፣ የሰጡትን ይዞ የሚቀመጥ ሰው ነበር።

ደህና ሄደ። ግራዝማች ጌጡ እስኪሞቱ ድረስ ደህና ሄደ። እሳቸው የሞቱት ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ርስቱም ማዕረጉም ከሄደ ቆይቶ፣ ስሙ ብቻ ቀርቶላቸው። ተዝካራቸው ሲደርስ የልጆቻቸው እጅ ባዶ ሆነ። ሽማግሎቹ ተሰበሰቡና «የግራዝማች ተዝካር ሳይወጣ ሊቀር? ከዚህ የባሰ ምን ክፉ ቀን አለ!» ተባባሉ። ጎተራው ተከፈተ። ሽምብራው ሽሮ ሆነ፣ ገብሱ ጠላ ሆነ፣ አገሩ በላ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር ብሎ አፉን ጠርጎ ሄደ። በዓመቱ ተምች ገባ። ሰው ወደ ጎተራው ቢሮጥ አይጥ እንኳ ተስፋ ቆርጣ ወጥታለች። አሰፋሽና ፋንታው ያን ዓመት የሚያርሱበትን በሬ ሸጡ።

እንደገና ሲሞላ፣ የሰንበቴው ሰው በተሰበሰበበት፣ ከሴቶቹ መሐል አሰፋሽ ብድግ አለች።

«ምክር ይብቃ! በምክር ስንት ዓመት ተበላን! ይገዘት!» አለች።

ወንዶቹ ጉድ ብለው ዞረው አዩአት። የነፍስ አባቷ መምሬ አስረስ ግን መስቀላቸውን አነሱ። «እኔ ክፉ ቀን መጥቷል ብዬ ሳልፈታ፣ ሳይተካ አንድ ቁና ያወጣ፣ ዕጣ ፈንታው ከአርዮስ፣ ከይሁዳ ይሁን» ብለው ገዘቱ። አገሩ አሜን አለ። ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የአሰፋሽ ድምፅ ነበር። ያን ዕለት ወደ ቤቷ የገባችው አንገቷን ቀና አድርጋ ነው፤ ፋንታው እንኳ «ዛሬስ ወንድ ሆነሽ ዋልሽ» ብሎ ቀለደባት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ቀበሮ ሜዳ ግን ሲሮጥ አልታጠቀም፤ ቁጭ ብሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ አጥብቆ ነው የታጠቀ። መምሬ አንድ ቀን ባይኖሩ ማን ይፈታዋል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። አሰፋሽም አልጠየቀችም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ የመምሬ ሚስት ሞቱ። መምሬ ዓለም በቃኝ ብለው ከይፋግ በላይ ካለው ገዳም ገብተው መነኮሱ። አምና ደግሞ ፋንታው ራሱ ታመመና ሞተ፤ ቁልፉ ለአሰፋሽ ቀረ።

ዘንድሮ፣ በዘጠና አራት፣ ፍልሰታ በተያዘ ሰሞን በአንድ እሑድ፣ ከጉና ተራራ በኩል እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ነገር ተሰማ። ከዚያ በረዶው ወረደ። የዶሮ እንቁላል ያህላል ያሉ ነበሩ። ሰው ሲያዝን ያጋንናል፤ እንቁላልም ይሁን ባቄላ ግን ጤፉንና ገብሱን ከመሬት ጋር ደባልቆታል። ሲያባራ ሰዉ በየማሳው ዳር እጁን አጣምሮ ቆመ።

የዋልካ፣ የጥቁር አፈር መሬት ደግነቱ ይኼ ነው፤ በነሐሴ መጨረሻ ሽምብራ ቢበትኑበት፣ ዝናቡ ቢሄድ እንኳ በያዘው ርጥበት ብቻ ያበቅላል። ዘር ያለው ሰው ከበረዶው በኋላም ሰው ነው። ዘሩ ደግሞ አለ። ሚካኤል ግቢ ውስጥ፣ በጭቃ ተመርጎ፣ እስከ አፉ ሞልቶ ተቀምጧል።

ሕዝቡ ጎተራውን ከቦ ቆመ። ችግር ባይሆን የሚያስቅ ነገር ነበር፤ አንዱ አንዱን «በል አንተ ክፈተው» ይለዋል፣ ያኛው «እኔ ልጆች አሉኝ፣ አንተ ክፈተው» ይላል። ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ፣ ወደ ቄሰ ገበዝ ሙላቴ ዞሩ። ቄሰ ገበዝ ጥምጥማቸውን አስተካከሉና «ያሠረው ይፍታው። እኔ የመምሬን ማሠሪያ በየት በኩል ደፍሬ እነካለሁ?» አሉ። ስለዚህ ቆሙ። በማግስቱም መጥተው ቆሙ።

ታሪኩ መጥረቢያ ይዞ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው።

«እናቴ፣ ከበሩ ዞር በይልኝ።»

«ምን ልታደርግ?»

«ልሰብረዋ! እህሉ የኛ፣ መሬቱ የኛ፣ ረሃቡም የኛ! እኔ የምፈራው ግዝት አይደለም፤ የምፈራው የልጄን ዓይን ነው።»

አሰፋሽ በሩን በጀርባዋ ያዘችው። ነጠላዋን ከራሷ ገፈፈችና ጡቷን በእጇ ይዛ፣ «ይኼ ያጠባህ ጡት ይፍረድብህ! አባትህ እስኪሞት በጠበቀው በር መጥረቢያ ብታሳርፍ ልጄ አይደለህም!» አለችው።

ታሪኩ እናቱን ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠው። ቀስ ብሎ ነው ያስቀመጠው።

«በሩን ትቼልሻለሁ፣ እናቴ። እኔ ግን ሁመራ እወርዳለሁ።»

ቄሰ ገበዝም ጊዜ አላጠፉም። «አሰፋሽ፣ ይገዘት ያልሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ሂደሽ አስፈቺው» አሉ። ሕዝቡም እውነት ነው አለ። ታሪኩ እስከ ጾሙ መፍቻ ሊጠብቃት ቃል ገባ። ጎተራው በወጉ ከተከፈተ አይሄድም፤ ካልተከፈተ ይሄዳል።

ደብረ ታቦር ስትደርስ ቅጥቅጡ ጥሩምባውን እየነፋ ነበር። ከጎኑ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል፤ አንድ ደላላ ጎማው ላይ ወጥቶ «ሁመራ! ለሐሙስ ሁመራ! ስማችሁን አስመዝግቡ!» እያለ ይጮኻል። አሰፋሽ ሰይጣን ያየች ይመስል ፊቷን አዙራ ተሳፈረች።

ከወረታ ወዲያ መንገዱ መንገድ አልነበረም። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ባሕር አድርጎታል። ተሳፋሪው እየወረደ፣ ልብሱን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ እየተያያዘ ተሻገረ። አሰፋሽን እጇን ይዛ ያሻገረቻት አንዲት የሜዳው ነዋሪ ነበረች፤ ሳቂታ፣ ወፍራም ሴት። ጎጆዋ ከመንገዱ ዳር ናት። አሰፋሽ ወደ ውስጥ አየት ብታደርግ፣ እህሉ በሙሉ ከፍ ካለ ቆጥ ላይ ተሰቅሏል፤ ከብቱም በግቢው የለም።

«ከብቶቹስ?»

«ወደ ዘመድ፣ ወደ ጋራው ከሰደድናቸው ቆየን። በሐምሌ ነው የምንሰዳቸው።»

«እህሉን ወደ ላይ አውጡት የሚላችሁ ማን ነው?»

«ውኃው ነዋ፣ እታለም!» ብላ ሴትዮዋ በሳቅ ፈረሰች። «ሌላ ማን ሊለን ኖሯል?»

አሰፋሽም ሳቀች፤ መንገዱን ስትቀጥል ግን ሳቁ ከፊቷ ጠፋ።

ከገዳሙ በር ስትደርስ በረኛዋ እማሆይ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ተቀምጠዋል። አሰፋሽ እግራቸው ላይ ወደቀችና ጉዳይዋን ነገረች።

«ሱባኤ ላይ ናቸው» አሉ እማሆይ። «ሱባኤ የገባ ሰው አይጠራም።»

«እማሆይ፣ እባክዎ! የሰው ሕይወት ነው።»

«እሳቸውስ የሚጸልዩት ለሰው ሕይወት አይደለም ብለሽ ነው?»

«ታዲያ መቼ ይወጣሉ?»

«ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥ።»

«ያን ቀንማ ልጄ ይሄድብኛል!»

እማሆይ አዘኑ። ክፉ ሴት አልነበሩም። «ምን ላድርግሽ ልጄ፣ ሥርዓት ነው» ብለው ለማረፊያዋ ከደጀ ሰላሙ ጥግ ሣር ጎዘጎዙላት።

የመምሬ ጎጆ ከአጥሩ ወዲያ፣ ከአንዲት ወይራ ሥር ነበረች። ሩቅ አይደለችም። አሰፋሽ በአጥሩ ቀዳዳ ታያታለች። ጭራሹን የመምሬ ሳል ይሰማታል፤ ያው የድሮው ሳላቸው ነው፣ ማኅሌት ላይ ታውቀው የነበረ። አንድ ጊዜ አፏን ከፈተች። «መምሬ! እኔ ነኝ፣ አሰፋሽ!» ለማለት ከምላሷ ጫፍ ደረሰ። ወደ እማሆይ አየች፣ ወደ ቤተ መቅደሱ አየች፣ አፏን መልሳ ዘጋች። ማሠሪያ አክብራ የኖረች ሴት ናት፤ እንዴት ብላ የመነኩሴ ሱባኤ ታፈርሳለች? ማክሰኞ እንዲህ መሸ። ረቡዕም እንዲሁ።

ሐሙስ ታቦቱ ወጣ፣ ዑደት ተደረገ፣ እልል ተባለ። ከዚያ መነኮሳቱ ከየጎጇቸው ብቅ ብቅ አሉ። መምሬ አስረስ ከስተው፣ ጺማቸው ረዝሞ፣ ዓይናቸውን ለፀሐዩ እያጠበቡ መጡ። አሰፋሽ ዘላ መስቀላቸውን ሳመች።

«የፋንታው አሰፋሽ! ምነው በዚህ ክረምት? ፋንታው ደህና ነው?»

«ዐርፏል፣ አባቴ። አምና።»

አማተቡና «ነፍሱን ይማር። እንግዲህ ምን አመጣሽ፣ ልጄ?» አሉ።

«በረዶ መታን፣ አባቴ። አንድ ዛላ አልተረፈም። ክፉው ቀን መጥቷል። የጎተራውን ግዝት ይፍቱልን።»

መነኩሴው አዩአት። የምትለው የገባቸው አይመስልም።

«የትኛውን ግዝት?»

«ያንን፣ ሚካኤል ግቢ ያለውን! እርስዎ የገዘቱትን!»

«እሱማ ተፈቷል እኮ፣ ልጄ።»

አሰፋሽ አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጠች።

«ስመነኩስ ያሠርኩትን ሁሉ ፈትቼ ነው የወጣሁ» አሉ። «ሰው በኔ ቃል ታስሮ እኔ ዋሻ ብገባ ምን ነፍስ ይኖረኛል? የሸኘኝ ፋንታው ነው፤ መለያያችን ላይ ነገርኩት። ፈትቻለሁ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ንገር፣ ከእንግዲህ ክፉውን ቀን ራሳቸው ተመካክረው ይወቁት፣ አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«እግሬ ላይ ወደቀ። ‹አባቴ፣ ዛሬ ብናገር ጎተራው ለሚቀጥለው ሠርግ ይከፈታል። ይፍሩት፤ ፍርሃቱ ይጠብቀው። ክፉው ቀን ሲመጣ እኔው እነግራቸዋለሁ› አለኝ። የግራዝማችን ተዝካር አስታወስኩና እውነቱን ነው ብዬ ዝም አልኩ።» መምሬ መቋሚያቸውን ተደገፉ። «ሰው ሟች መሆኑን ሁለታችንም ረሳነው።»

ይኼኔ ነው አሰፋሽን ያ ቀን መጥቶ ራሷ ላይ የወደቀባት። ፋንታው ሊሞት ሲል፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ እጇን ጨምድዶ ይዞ፣ «አሰፋሽ፣ ጎተራውን አትፍሩት... ጎተራው እኮ...» ብሎ ነበር። እሷ ግን ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች፣ «ዝም በል አንተ ሰው! አሁንም እህል? የእህሉን ነገር ተወውና ነፍስህን አስብ!» አለችው። እሱም እንደታዘዘው ዝም አለ። ሁልጊዜም እሺ የሚላት ሰው ነበር።

«እኔ ነኝ ዝም ያሰኘሁት» አለች። «ሊነግረኝ ነበር። አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

መምሬ መስቀላቸውን በራሷ ላይ አሳረፉ። ከዚያ «መቼ ደረስሽ?» ብለው ጠየቁ።

«ማክሰኞ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ፣ ከአጥሩ ሥር። ሲያስሉ እሰማዎት ነበር።»

ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ምነው ሳትጠሪኝ? አይ አሰፋሽ! ሰንበት እንኳ ለሰው ተፈጠረች ተብሎ የለም? ሂጂ፣ ልጄ። ሩጪ! በሩን ክፈቺ፤ ተከፍቷል በያቸው።»

ሮጠች። የጾሙ መፍቻ እህል ሳትቀምስ፣ ከዘራዋን እየጎተተች፣ ከኮረብታው ቁልቁል ሮጠች። ከይፋግ የጭነት መኪና ለምና ተሳፈረች። ርብ ድልድይ ሲደርሱ ውኃው ጎደል ብሎ ነበር፤ ጭቃው ግን አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ከወረታ በኩል ሸራ የለበሰ አንድ የጭነት መኪና መጣና ሹፌራቸው ዳር ይዞ አሳለፈው። ከሸራው ሥር ጎረምሶች ታጭቀዋል። አንዳንዱ ይዘፍናል፣ አንዳንዱ ራሱን በጋቢ ሸፍኖ ተኝቷል። ጎማው ጭቃ ረጫት። አሰፋሽ ፊቷን እየጠረገች፣ «የእናታችሁ ጸሎት ይከተላችሁ፣ ልጆቼ!» ብላ ጮኸችላቸው። ልቧ ከወዲያ ነበር። ታሪኩን ስታገኘው ምን እንደምትለው በሆዷ እየደጋገመች ነበር።

ደብረ ታቦር ስትደርስ ጀምበር አዘቅዝቃለች። ጠዋት መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ የዘይት ጠብታና የሸንኮራ ልጣጭ ብቻ ነው ያለው። ከዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች።

«የሁመራው መኪናስ?»

«ሄደ እኮ፣ እናቴ። ቀን ላይ ሄደ። መቼም አንድ ልጅ ሲያስቆመው አረፈደ፤ ‹እናቴ ትመጣለች፣ ትንሽ ጠብቁኝ› እያለ። በመጨረሻ ሹፌሩ ተቆጣና ሰዎቹ ክንዱን ይዘው ጫኑት።» ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻት። «ምነው? ያንቺ ነው እንዴ?»

አሰፋሽ ጭቃ የነካውን ፊቷን በእጇ ዳሰሰችው። ጭቃው ደርቋል። አልጠረገችውም። እዚያው፣ ሰው በሚተላለፍበት መሐል፣ ቁጭ አለችና «ወይኔ! ወይኔ ልጄ! መረቅሁት እኮ! አላወቅሁትም፣ መርቄ ሸኘሁት!» እያለች ጮኸች። ሴትዮዋ ምንም ባይገባትም አብራት አለቀሰች።

በማግስቱ ቄሰ ገበዝ ሙላቴ ደወል አስደወሉ። ሕዝቡ ጎተራውን ከቦ ቆመ። አሰፋሽ ቁልፉን ከማተቧ ፈትታ በእጇ ያዘች።

«ግዝቱን አስፈታሽልን?» አሉ ቄሰ ገበዝ።

«አላስፈታሁም» አለች። «ድሮም ተፈትቶ ነበር። መምሬ ሲመነኩሱ ፈትተውታል፤ ፋንታው ያውቅ ነበር። እንዳትበሉት ብሎ ደበቃችሁ። ሊሞት ሲል ሊናገር ነበር፤ እኔ ዝም አሰኘሁት። በረዶው የወረደ ዕለትም፣ በማግስቱም፣ ይኼ በር ክፍት ነበር።»

የታሪኩ ሚስት ዘነበች ልጇን እንዳዘለች ከሴቶቹ መሐል ነበረች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ታሪኩ እኮ መጥረቢያ ይዞ ነበር፣ እማማ» አለች።

አሰፋሽ ዞረችና ቁልፉን በበሩ ከተተች። ሽምብራው ወርዶ ፈሰሰ፤ ነቀዝ ያልነካው፣ በአመድ የተለወሰ፣ ፋንታው በየጥሩ እያስለወጠ የጠበቀው ሽምብራ። ለሁሉም በቃ፤ ተረፈም። ሰው እየሰፈረ ወደ ማሳው ሄደ። የታሪኩን ድርሻ አሰፋሽ በነጠላዋ ተቀበለች፤ የጎረቤት በሬ ለምነው፣ ከዘነበች ጋር ሆነው ዘሩለት።

ከዘሩ በኋላ በነበረው ሰንበቴ ላይ ቄሰ ገበዝ አንድ ሐሳብ አመጡ። ጎተራው እንደገና ሲሞላ እንዳይበላ፣ አሁን ያሉት ካህናት ሁሉ በአንድነት ይገዝቱት አሉ። ሽማግሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ፣ እንደ ያኔው፣ ወደ አሰፋሽ ዞረው አዩ።

«አይገዘት» አለች።

«ኧረ ተይ! ቢበሉትስ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ማሠሩንማ እናውቅበታለን፣ አባቴ፤ አሳምረን አሠርን። መፍታቱን ነው ያላወቅንበት። ቁልፉ ደጀ ሰላሙ ላይ፣ ሁሉ በሚያየው ቦታ ይሰቀል። መቼ እንደሚከፈትም ከቄሱ እስከ እረኛው ልጅ ሁሉም ይወቅ። ቢበሉት እንደገና እንሞላዋለን። ልጄን ግን በምን ቁና ሰፍሬ እመልሰዋለሁ?»

ቄሰ ገበዝ ጥምጥማቸውን ሊያስተካክሉ እጃቸውን አነሱና ተዉት። ቁልፉ ተሰቀለ።

ሽምብራው ያን ዓመት አማረ። እሸቱ ሲደርስ ቀበሮ ሜዳ ደስ ብሎት ሰነበተ፤ ጠላም ተጠመቀ። በጥር፣ ወደ ሁመራ የወረዱት አንድ ሁለት እያሉ መመለስ ጀመሩ። ታሪኩን ወባ የያዘው ገና አረሙ ሳያልቅ ነበር፤ አብረውት የነበሩት ከሰሊጡ ማሳ ዳር ቀበሩት። ጋቢውን ይዘውላት መጡ። ሊያጽናኗት ብለው ሲያወሩ፣ «ርብ ድልድይ ላይ አንዲት ሴት መረቀችን፤ ታሪኩ ተኝቶ ነበርና ድምጿን ሰምቶ ቀና አለ፣ ‹የእናቴን ድምፅ ይመስላል› አለ፤ እኛ ሳቅንበት» አሏት። አሰፋሽ ያቺ ሴት ማን እንደነበረች አልነገረቻቸውም።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ፣ በኪዳነ ምሕረት ማግስት፣ አሰፋሽ ቁልፉን ከሚስማሩ ታወርድና ጎተራውን ትከፍታለች። «የቸገረው ይውሰድ፣ ሲያገኝ ይመልስ» ብላ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ጥቂት ሰው ይመጣል፤ አንዱ ግማሽ ቁና፣ አንዱ አንድ ቁና ይሰፍርና ይሄዳል። በጥር ሳይመልስ የቀረ የለም። እንዲያውም ጨምረው የሚያስገቡ ነበሩ። ፋንታው ለዓመታት የፈራው፣ እሷም በጡቷ ምላ በሩን የዘጋችበት ሌባ በአንዱም ዓመት አልመጣም።

ሲመሽ ዘነበች ልትወስዳት ትመጣለች። አሰፋሽ ትነሳለች፣ በሩን ገርበብ ታደርጋለች፣ ሁለቱ ተያይዘው በታሪኩ ማሳ በኩል ወደ ቤት ይሄዳሉ።